የተራመደው መስመር

አባ መስመር ሞቶ የተገኘው ቡናማ ጋዋን ለብሶ፣ በመንግሥት ወገን ነው። ይህን ለፋብሪካው ሠራተኞች ብትነግሯቸው፣ ከመሞቱ ይልቅ ጋዋኑ ያስደነግጣቸው ነበር።

ፋብሪካው አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። ከጣሪያው ሥር ክሬን ይመላለሳል፤ ወለሉን ደግሞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ቢጫ መስመር ለሁለት ይከፍለዋል። ከመስመሩ ወዲያ፣ በኋላው በር በኩል፣ ለመንግሥት የጉድጓድ ውኃ ፓምፖች ይገጣጠማሉ፤ ከመስመሩ ወዲህ ለአንድ የግል ደንበኛ የብረት በሮች ይበየዳሉ። ኪራዩ፣ መብራቱ፣ ጥበቃውና የጣሪያው ጥገና ግን የሁለቱም ነው። ይህ የጋራ ወጪ እያንዳንዱ ሥራ በያዘው ወለል ስፋት ልክ ይከፋፈላል። የበሮቹ ዋጋ አስቀድሞ የተቆረጠ በመሆኑ ደንበኛው ከዚያ በላይ አይከፍልም፤ መንግሥት ግን በውሉ መሠረት ለፓምፖቹ የወጣውን ሁሉ ይተካል። ስለዚህ መስመሩ ወደ በሮቹ አንድ ክንድ ቢገፋ፣ የዚያ ክንድ ኪራይና መብራት ከፋብሪካው ትከሻ ወርዶ ሕዝብ ላይ ይጫናል።

ያ እንዳይሆን ዘብ የቆመው የወጪ ተቆጣጣሪው ነበር። ፓምፕ የሚሠራ ሰማያዊ ጋዋን፣ በር የሚሠራ ቡናማ ጋዋን እንዲለብስ ሕግ አወጣ፤ የማን ጉልበት ለማን እንደዋለ ከሩቅ እንዲታይ ነው። መስመሩ ላይ ከቆመው መስቀያ ጋዋን ሳይቀይር የተሻገረ ሰው፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን፣ ይቀጣል። ራሱ ተቆጣጣሪው ማዶ ያለን ሰው ለመጨበጥ እንኳ ጋዋኑን ይቀይር ስለነበር «አባ መስመር» የሚል ስም ወጣለት።

እነሆ አሁን የጽዳት ሠራተኛዋ በጠዋቱ ስትገባ ከመስመሩ ወዲያ፣ በፓምፖቹ ወገን፣ በብረት በሮች እሽግ ሥር አገኘችው። ጩኸቷን የሰማው ጥበቃ አዳራሹን ቆለፈ። ከዚያ ወዲህ ከፖሊስና ከሐኪሙ በቀር ማንም አልገባም፤ ወደ መስኮቶቹም የተጠጋ የለም።

መርማሪዋ ስትደርስ ጠይሙ አሥር አለቃ ደጃፉ ላይ ጠበቃት። የሥራ ባልደረቦቿ «ቀስ በሉ» ይሏታል፤ ሌላው ሲሮጥ እሷ የምትለው ይህንኑ ብቻ ስለሆነ ነው።

«ያለቀ ጉዳይ ነው» አለ አሥር አለቃው። «ክሬን ነጂው ሸክም አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሟቹ ሥሩ ገባ፤ ወደቀበት። ሰውየውን ከአልጋው አንሥተን ይዘነዋል። የሟቹ እህት ባል ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ በሰው ፊት ተጣልተዋል።»

«ቀስ በል።»

«ደግሞ ጀመሩ።»

ከአጥሩ ሥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠች ሴት ብድግ አለች። ዓይኗ ደርቋል።

«እናቴ፣ ወንድሜን ሞት ወሰደው። ባሌን ደግሞ እናንተ ትወስዱታላችሁ? በአንድ ቀን ሁለት ቀብር እንዴት አድርጌ ልቻለው? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነ እኮ ነገሩ!»

«አይጡን አሳዩኝ አልልዎትም፤ ያ የእኔ ሥራ ነው» አለቻት መርማሪዋ። «ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ወንድምዎ የሚረሳ ሰው ነበር?»

«እሱ?» ሴትየዋ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች። «እናታችን የሞተች ዕለት ጋዋኑን አጥፎ፣ ሰቅሎ ነው የመጣው። እስክመለስ እንዳይቆጠርብኝ ብሎ።»

አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር። አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። አስከሬኑ በቃሬዛ ላይ ተደርጎ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ በበሮቹ ወገን ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል። የበሮቹ እሽግ ግን ባለበት አለ፤ በአንድ ጠርዙ ላይ ደም ደርቋል። ሰንሰለቱ ከክሬኑ መንጠቆ አልተፈታም። አንድ የማይታይ ነፋስ በነካው ቁጥር ሲጥጥ ይላል።

መርማሪዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰንሰለቱን ብዙ ጊዜ አየችው። ቀጥሎም ወለሉን። ቀጥሎ አጎንብሳ አሸተተች።

«ምን ሸተተዎት?»

«ንጽሕና» አለች። «የብረት ፋብሪካ እንዲህ አይሸትም። ክሬን ነጂውን አምጣልኝ።»

ክሬን ነጂው ሁለት እጁ በካቴና ታስሮ መጣ፤ ወፍራም፣ ጢሙ ያልተላጨ ሰው ነው። ቃሬዛውን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ዳግም ወደ ወለሉ አልተመለከተም።

«ትናንት ተጣላችሁ?»

«ቀጣኝ። ቡናማውን ለብሼ አንድ እግሬ መስመሩን ቢረግጥ፣ ‹ግማሽ እግርህ ለማን ነው የሚሠራው?› አይለኝም? በሰው ሁሉ ፊት! ሳቁብኝ።»

«‹እገድልሃለሁ› ብለሃል ይባላል።»

«ብያለሁ። አማቹን እገድላለሁ ያላለ ማን አለ? እሑድ አብረን ምሳ ልንበላ ነበር።»

«ሸክም አንጠልጥለህ ሄደሃል?»

«በፍጹም።»

«ይኼ ክሬን ሸክም ይዞ ቢቀር፣ በራሱ ሊንቀሳቀስ ይችላል?»

ሰውየው ካቴናውን አየ። መልሱ ወዴት እንደሚወስደው ሳይገባው አልቀረም፤ ሆኖም መዋሸት አያውቅበትም።

«አይችልም። የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ፣ በተኑን፣ እስከተጫንክ ይሄዳል፤ ጣትህን ካነሣህ እዚያው ቀጥ ይላል። ወደ ጎን ብትነዳው ሸክሙ ይወዛወዛል፤ ያ ነው አደገኛው። ግን ጣት ይፈልጋል።»

«ሰንሰለቱም አልተበጠሰም» አለች መርማሪዋ። «እንግዲህ እሽጉ አልወደቀም። ተወዝውዞ መታው፤ ከዚያ ወረደበት። አንድ ሰው ጣቱን በተኑ ላይ ይዞ ቆይቷል።»

አሥር አለቃው እጁን አጨበጨበ። «አላልኩም? ቸልተኝነት አይደለማ፤ ግድያ ነው! ይኸው በገዛ አፉ!»

በሩ ላይ ቆማ የምትሰማው እህትየው ግድግዳውን ደገፈች። ባሏ ካቴናውን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። አደጋ ቢባል የጥቂት ዓመታት እስር ነበር፤ አሁን ግን ዕድሜ ልክ ሆነ።

የቀሩት ሦስት ሰዎች በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተራ በተራ ተጠየቁ። ማታ ማታ ከሟቹ ሌላ አዳራሹን መክፈት የሚችሉት እነዚህ ሦስቱና ክሬን ነጂው ብቻ ናቸው።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ ተቀበላት።

«ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ለኪዎች ይመጣሉ። ወለሉን ለክተው ካልፈረሙ የዓመቱ ክፍያ አይለቀቅም። ሠራተኛውን ሁሉ ለዚሁ ብዬ ዛሬ አሳርፌዋለሁ። ሰውየው በመሞቱ አዝኛለሁ፤ ግን ደመወዝም አለ።»

«ከሟቹ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ሦስቴ ቀጥቶኛል! በገዛ ፋብሪካዬ! ከዚያ በኋላ አዳራሹን የማየው በመስኮት ነው።»

ፎርማኑ አጭር፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ነው፤ ዛሬ ግን ቀልዱ ሁሉ እያነቀው ይወጣል።

«ትናንት ሲወጡ እነዚያ የበር እሽጎች የት ነበሩ?»

«መስቀያው አጠገብ፤ በበሮቹ ወገን። ፓምፕ መሐል ምን ሊሠሩ ይሄዳሉ? አባ መስመር እሽጉን ራሱን ጋዋን ያለብሰው ነበር እኮ።»

«ማታ ማን ቀረ?»

«እሱ። ለኪዎች ሊመጡ ሲሉ ወለሉን ዞሮ ሳያይ አይሄድም። እንደ ሙሽራ እናት ነው የሚሆነው።»

የሒሳብ ኃላፊዋ መጨረሻ ገባች። በጥቁር ልብስ፣ ቀጥ ብላ የምትራመድ ሴት ናት። ስትቀመጥ ተረከዟ ወለሉን አንድ ጊዜ ብቻ መታ።

«ሥራውን ያስተማረኝ ጋሼ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ከትምህርት ቤት ስወጣ የጋራ ወጪ እንዴት እንደሚከፋፈል አላውቅም ነበር። ‹ልጄ፣ ማካፈል ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ አድርጎ ማካፈል ነው የሚከብደው› ይለኝ ነበር።»

«ጋዋኑን ረስቶ የተሻገረ ይመስልዎታል?»

«ሰው ሲያረጅ ይረሳል። የጽዳት ሠራተኛዋ ቡናማ ለብሶ ነበር ስትል ወዲያው ገባኝ። ደክሞት ነበር።»

«አውራ ጣትዎን ምን ነካው?»

የሒሳብ ኃላፊዋ እጇን ወደ ጭኗ ሳበች። የቀኝ አውራ ጣቷ በብሩሽ እንደተፈተገ ሁሉ ቀልቷል።

«የማተሚያው ቀለም። አይለቅም።»

«አይለቅም» አለች መርማሪዋ በስምምነት።

ወደ አዳራሹ ተመለሰችና የእጅ ባትሪ ይዛ በጉልበቷ ተንበረከከች። ከቢጫው መስመር ጀምራ ወለሉን በመዳፏ እየዳበሰች ሄደች። መስቀያው ሥር ያለው ሲሚንቶ ሻካራ ነው። ከዚያ ወደ ፓምፖቹ፣ እሽጉን አልፋ፣ እጇ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። አሮጌ ቤት ደጃፍ ላይ እንዳለ ድንጋይ የለሰለሰ፣ በመጠኑ የጎደጎደ ወለል ነው። በላዩ ከቀረው ወለል ትንሽ የነጣ ግራጫ ቀለም ተቀብቷል፤ ቅድም የሸተታት ይኸው ነበር።

ተነሣችና ከክሬኑ የተንጠለጠለውን መቆጣጠሪያ ገልብጣ አየችው። ከበተኖቹ ጀርባ፣ ማንም በማያይበት በኩል፣ አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። አሥር አለቃው ጠጋ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ይኼማ…»

«ቀስ በል። ሁሉንም ጥራቸው። በኋላው በር፣ በፓምፖቹ በኩል አስገባቸው። ከማስገባትህ በፊት መብራቱን አጥፋ፤ መስኮቶቹንም ዝጋ።»

አራቱም በጨለማ ገቡ። የክሬን ነጂው ካቴና ይንኳኳል። ሰንሰለቱ ከላይ ሲጥጥ አለ፤ ሥራ አስኪያጁ «በስመ አብ!» ብሎ አማተበ።

«አትፍሩ» አለች መርማሪዋ ከጨለማው ውስጥ። «መሐል ያለውን መተላለፊያ ባዶ አድርጌዋለሁ፤ የሚያደናቅፍ የለም። ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሁላችሁም ይህን ወለል ዓመታት ረግጣችሁታል። ወደ ፊት ሂዱ፤ ጋዋን ትቀይሩበት የነበረው መስመር ላይ ስትደርሱ ቁሙ። መስመሩ ላይ በትክክል የቆመ ሰው፣ ይህን አዳራሽ በደንብ ያውቃልና ቃሉን አምናለሁ።»

«እኔ በመስኮት ነው የማየው ብዬዎታለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እርስዎ ከበሩ አይራቁ። ሌሎቻችሁ ሂዱ።»

ሦስት ጥንድ ጫማዎች መራመድ ጀመሩ። ከባድና የሚጎተተው የክሬን ነጂው ነው፤ ፈጣኑ የፎርማኑ፤ ተረከዙ የሚሰማው የሒሳብ ኃላፊዋ። ጥቂት ሄዱ። ከባዱ ቆመ። በዚያው ቅጽበት ፈጣኑም ቆመ።

ተረከዙ ግን አልቆመም። ለአንዲት አፍታ አመነታ፤ ከዚያም በጨለማው ውስጥ ቀጥሎ ሄደ፤ እሽጉ ያለበትን ቦታ በጎን አለፈ፤ ሄደ፤ ሄደ። ከዚያ ቆመ።

«መብራት» አለች መርማሪዋ።

ክሬን ነጂውና ፎርማኑ ጎን ለጎን በለሰለሰው ወለል ላይ ቆመዋል። መስመር ግን በአካባቢያቸው የለም። ፎርማኑ እግሩን አየ፤ ዙሪያውን አየ፤ «መስቀያው የት ሄደ?» አለ፣ ቤቱ የጠፋበት ሰው ይመስል። ርቆ፣ ከእሽጉ ወዲያ ማዶ፣ የሒሳብ ኃላፊዋ የጫማዋን ጫፍ ቢጫው መስመር ላይ አስተካክላ ቆማለች።

«እኔ ብቻ ነኝ በትክክል የቆምኩት» አለች፤ ድምፅዋ ግን አልተረጋጋም።

«አዎን። ቁጭ በሉ ሁላችሁም፤ ረጅም አይደለም።»

ማንም አልተቀመጠም።

«ከጠዋት ጀምሮ ግራ ያጋባኝ አንድ ጥያቄ ነበር» አለች መርማሪዋ። «እናቱ የሞተች ዕለት ጋዋኑን አጥፎ የሰቀለ ሰው፣ እንዴት በቡናማ ጋዋን ወደ ፓምፖቹ ይሻገራል? ረሳ ልበል? እሺ። ግን የገደሉት በሮችም ተሻግረዋል። ፎርማኑ በሮች ፓምፕ መሐል ሄደው አያውቁም ይላል። ሰውየው ረሳ፤ በሮቹም ረሱ? ሁለቱም በተሳሳተ ወገን ከተገኙ፣ የተሳሳተው ወገኑ ነው። አባ መስመር አልተሻገረም። በሮቹም አልተሻገሩም። የተሻገረው መስመሩ ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላ በላዩ አልፎ ሄደ።»

የሟቹ እህት በሩ ላይ ሆና አፏን በእጇ ያዘች።

«ዛሬ ወለሉ ይለካል። መስመሩ ወደ በሮቹ ከተገፋ የመንግሥት ወገን ይሰፋል፤ የጋራው ወጪም አብሮት ይሄዳል። ይህን ያሰበ ሰው ማታ መጣ። አሮጌው መስመር አጠገብ የተደረደሩትን በሮች በክሬን ማንሣት ጀመረ፤ ቦታው የፓምፕ መምሰል አለበትና። አባ መስመር ክሬኑን ሰምቶ መጣ፤ ቡናማውን ለብሶ፣ በበሮቹ ወገን እንደሚገባው። ሊከለክል ቆመ። ከዚያ ጣት በተኑን ያዘ።»

«ማንም ሊሆን ይችላል» አለች የሒሳብ ኃላፊዋ። «እኔ መስመሩ ያለበትን ቦታ አወቅሁ። ማወቅ ወንጀል ነው?»

«መቼ አወቁት? ይህ አዳራሽ ከጠዋት ጀምሮ ተቆልፏል፤ ፖሊስም መስኮቶቹ ጋ ማንንም አላስጠጋም። ትናንት ማታ ሥራ ሲያበቃ መስመሩ እነዚህ ሁለት ሰዎች የቆሙበት ነበር። ወለሉን ይንኩት፤ ሰው ሁሉ ለዓመታት እየቆመ ጋዋን ሲቀይርበት ተቦርቡሯል። ቀለም ቀቡት፤ እግር የጻፈውን ግን ቀለም አይሰርዝም። እርስዎ የቆሙበትን መስመር ሊያውቅ የሚችለው የቀባው ሰው ብቻ ነው።»

«ሌሎቹ ሲቆሙ ሰምቼ መቆም እችል ነበር!»

«ይችሉ ነበር። አመነቱም። ግን እዚያ ከቆሙ አሮጌውን መስመር ማመንዎ ነው፤ በዚህ ሁሉ የደከሙለት አዲሱ መስመር ሐሰት ሊሆን ነው። ሌሎቹ ቢሳሳቱ ይሻልዎት ነበር።» መርማሪዋ መቆጣጠሪያውን ገለበጠችው። «ከቀቡ በኋላ ይህን መልሰው ሰቀሉት። እዚህ ጀርባው ላይ በቢጫ ቀለም የታተመ አውራ ጣት አለ። አሻራው ነገ ይናገራል። እግርዎ ግን ዛሬ ተናገረ።»

የሒሳብ ኃላፊዋ የቀላ ጣቷን በሌላው እጇ ጨበጠችው። ከዚያ ለቀቀችው።

«የበሮቹን ዋጋ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለች ወደ ማንም ሳታይ። «አሳንሼ። የወለሉን ድርሻ ቢሸከሙ ፋብሪካው ይዘጋል። ይህ ሁሉ ሠራተኛ ይበተናል። የመንግሥት ትከሻ ሰፊ ነው፤ ማን ይጎዳል ብዬ ነው።»

«ትከሻው የሰው ነው» አለች መርማሪዋ። «እዚህ ስለማያዩአቸው ነው የማይከብዳቸው የመሰለዎት። በዚያ ገንዘብ የሚቆፈረው ጉድጓድ የአንድ መንደር ነበር።»

«ጋሼ አልተቆጣኝም። ‹ልጄ፣ መልሺው፤ ለማንም አልናገርም› አለኝ። ከእሽጉ ፊት ቆመ። እኔ ላስፈራራው ነበር። ዞር ይላል ብዬ ነበር።»

«ጣትዎን ማንሣት ይበቃ ነበር።»

ሴትየዋ ጣቷን ወደ መዳፏ አጠፈችው።

«ከዚያም» አለ ፎርማኑ በሹክሹክታ፣ «አጠገቡ ተንበርክከሽ ቀባሽ? እሱ እዚያ ተኝቶ?»

ፊቷን አዞረች። ሰንሰለቱ ብቻ ሲጥጥ አለ። አሥር አለቃው፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ፣ ካቴናውን ከክሬን ነጂው እጅ ፈትቶ ወደ እሷ ወሰደው።

«መስመሩን አንሥተውታል፤ መስቀያውን አንሥተውታል፤ የቀሩትን በሮችም» አለች መርማሪዋ። «አንድ የረሱት ነገር የሟቹ ጋዋን ነው። እሱ ቢሆን አይረሳውም ነበር።»

ለኪዎቹ ሜትራቸውን ይዘው ሲደርሱ መርማሪዋ ከለሰለሰው ወለል ላይ አስጀመረቻቸው። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፍቶ አጠገባቸው ሄደ።

የአስከሬን መኪናው በኋላው በር ቆሞ ነበር። ቃሬዛውን ክሬን ነጂው፣ ፎርማኑና ሁለት ፖሊሶች አነሡት፤ እህትየው ከጎን ተከተለች። የበሮቹን ወገን አቋርጠው፣ አዲሱን መስመር ሳያዩት ረግጠው አለፉ። የጎደጎደው ወለል ጋ ሲደርሱ ክሬን ነጂው ድንገት ቆመ።

«ምን ሆንክ?» አለው አንዱ ፖሊስ።

«ቆይ። ቡናማውን ለብሶ አይሻገርም።»

ቃሬዛውን አስቀመጡት። ክሬን ነጂው ተመልሶ ሄዶ ከመስቀያው የአባ መስመርን ሰማያዊ ጋዋን አመጣ፤ ኪሱ ላይ እርሳስ የተሰካበት። ለሚስቱ ሰጣት። እሷም ነጩን ጨርቅ ገለጥ አድርጋ፣ ጋዋኑን በወንድሟ ደረት ላይ ዘረጋችው፤ አንገትጌውን አቃናችው።

ከዚያ በኋላ ተሻገሩ።